የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ከዮርኩ እንዴት በለጠ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እንግሊዝ ቤተክርስቲያን ውስጥ ሁለት ሊቀ ጳጳሳት አሉ፣ የካንተርበሪና የዮርክ። ለንደን እያለች ካንተርበሪ እንዴት አንደኛ ሆነች?

መልስ 1፦ ከመነኩሴው አውግስጢኖስ ነው የሚጀምረው (የሰሜን አፍሪካው፣ የሂፖው አውግስጢኖስ አይደለም)። በ597 እ.ኤ.አ. ከሮም ተልኮ ሲመጣ የተቀበለው የኬንቱ (በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ያለ ግዛት) ንጉሥ ኤተልበርት ነው፣ የንጉሡ ከተማ ደግሞ ካንተርበሪ ስለነበረች እዛው ቀረ፣ የላከው ፖፕ ጎርጎርዮስ ግን ያሰበው ለንደንን ነበር።

መልስ 2፦ ዮርክም ዝም ብሎ አልተቀበለም! በ1072 ለካንተርበሪ ተፈርዶም ጭቅጭቁ ቀጠለ። በ1176 ዌስትሚንስተር ጉባኤ ላይ የዮርኩ ሮጀር ሲገባ የካንተርበሪው ሪቻርድ ከፖፑ መልእክተኛ በስተቀኝ ያለውን የክብር ወንበር ይዞ አገኘው፣ ሄዶ ጭኑ ላይ ቁጭ አለበት፣ ከዛ የሪቻርድ ሰዎች ሮጀርን ጎትተው ደበደቡት ይላሉ የዘመኑ ጸሐፊዎች። በጣም ያሳዝናል፣ ለአንድ ወንበር!

ጠያቂ፦ ዋው፣ አሁንስ?

መልስ 2፦ አሁን የካንተርበሪው "የመላው እንግሊዝ"፣ የዮርኩ "የእንግሊዝ" ቀዳሚ ጳጳስ ይባላሉ።