የአጎቴን ገንዘብ የሚያስተዳድረው ሰው ለማን ነው የሚሠራው?

የከዚራዋ ሂሳብ ሠራተኛ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። የነጋዴ መዝገብ ስይዝ 11 ዓመት ሆኖኛል። የሚውቹዋል ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ላይ ተሰብስቦ አክሲዮንና የመሳሰለው የሚገዛበት) ወረቀት ግን ያገላበጥኩት ገና ባለፈው ወር ነው።

አጎቴ አሜሪካ 26 ዓመት ኖሮ ከሁለት ዓመት በፊት ጠቅልሎ ገባ። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ቦታ ገንዘብ ተቀባይ ነበር፤ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። የጡረታ ገንዘቡ እዚያው፣ በአንድ ፈንድ ውስጥ ነው ያለው። ወረቀቱ እዚያ ላለችው ልጁ ቤት ይደርሳል፤ እሷ ደግሞ ሰው ሲመጣ ትልክለታለች። እሱም በካኪ ፖስታ እያደረገ በየዓመቱ ለይቶ አስቀምጦታል። አንዱንም ግን አላነበበም።

እሑድ ከሰዓት ኒሙ ሥር ወንበር አውጥተን ተቀመጥን። ፖስታዎቹን ጭኔ ላይ ደረደራቸውና «አንቺ ቁጥር ታውቂያለሽ። ይሄ ሰውዬ ለእኔ ነው የሚሠራው ወይስ ለራሱ?» አለኝ።

እስካሁን ያገኘሁት ይሄ ነው። ሲጀምር 20,000 ዶላር ነበር የሰጠው። የመግቢያ ክፍያው 5.75 በመቶ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን 1,150 ዶላር ተቆረጠና 18,850 ብቻ ገባ። የሸጠለት ሰው «ምክሩ በነጻ ነው» ብሎት ነበር። ይሄንን ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ «የሦስት ሳምንት ሌሊት» አለ። ደሞዙን እያሰበ ነበር።

ከዚያ በላይ በየዓመቱ 1.35 በመቶ ይቆረጣል። ከዚህ ውስጥ 0.25 በመቶው ለሽያጭና ለማስታወቂያ ነው። አሜሪካ ይሄንን የፈቀደችው በፈረንጆቹ 1980 ነው። ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። አጎቴ በገንዘቡ ለኩባንያው አዲስ ደንበኛ እየፈለገለት ነው ማለት ነው።

ጥያቄዬ፦ ትርፍና ኪሳራውን ትተን፣ ማናጀሩ ለአጎቴ እያሰበ መሆኑን በምን ልወቅ? ወረቀት ላይ የሚታይ ምልክት አለ?

የሳቢያን ልጅ፣ አሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ ጋሼን ሰላም በይልኝ። የመኪና ማቆሚያ ሥራ እኔም ስድስት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ የሌሊቱን ብርድ አውቀዋለሁ።

ምልክቱ አለ፤ ግን በፖስታ በሚመጣው ወረቀት ላይ አታገኚውም። እያንዳንዱ ፈንድ ከፕሮስፔክተሱ (ለገዢ ከሚሰጠው ዋና መግለጫ) ሌላ «ተጨማሪ መግለጫ» የሚባል ረጅም ሰነድ አለው። ካልጠየቅሽ አይላክም፤ ድረ ገጻቸው ላይ ግን አለ። ከፈረንጆቹ 2005 ወዲህ እዚያ ላይ ማናጀሩ ራሱ በፈንዱ ውስጥ ስንት እንዳስቀመጠ መጻፍ ግዴታ ነው። ልኩ አይጻፍም፣ በእርከን ነው። ከ«ምንም» ይጀምራል፣ ከ1 እስከ 10,000 ዶላር እያለ «ከ1 ሚሊዮን በላይ» ድረስ ይሄዳል። መጀመሪያ እሱን ፈልጊ። «ምንም» የሚል ካገኘሽ፣ ሰውየው ጋሼን የጋበዘበትን ወጥ ራሱ አልቀመሰም።

እዚያው ላይ ደሞዙ በምን እንደሚሰላ ይጻፋል። ቦነሱ የሚመጣው ለብዙ ዓመት በተገኘ ውጤት ነው ወይስ ፈንዱ ስለገዘፈ? ኩባንያው ክፍያውን የሚወስደው ከጠቅላላው ገንዘብ በመቶኛ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በበዛ ቁጥር እሱ ያተርፋል፤ ጋሼ ግን ፈንዱ ስለገዘፈ የሚያገኘው ነገር የለም።

መጋላ ነጋዴ

ልጄ፣ እኔ የአሜሪካን ሕግ አላውቅም። እቁብ ግን 30 ዓመት ዳኝቻለሁ። ዳኛው ራሱ ዕጣ ያለው ሰው ነው፤ ገንዘብ ቢጎድል ከእሱም ይጎድላል። የመጀመሪያው ዕጣ ለዳኛው የሚሰጥበት እቁብ አለ። ቢሆንም ሁሉም ሰው ፊት ለፊት ተነግሮት፣ እሺ ብሎ ነው የሚገባው። አጎትሽን ያቃጠለው 1,150ው ብቻ አይመስለኝም። ሳይነገረው መወሰዱ ነው።

ከሐረር

ይቅርታ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ፈንዱ በ10 ዓመት ስንት አስገኘ? ጥሩ ካስገኘ፣ ማናጀሩ የራሱን ገንዘብ ቢያስቀምጥ ባያስቀምጥ ምን አገባን? ሐኪም እኮ እኔን ለማዳን ራሱ መታመም የለበትም።

የከዚራዋ ሂሳብ ሠራተኛ

ከሐረር፣ ጥያቄህ እኔንም ሁለት ቀን አከራክሮኛል። ግን «ጥሩ» ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው? ገበያው በሙሉ ሲወጣ የማንም ፈንድ ይወጣል። ደግሞ ያልሆነላቸው ፈንዶች ተዘግተው ወይም ከሌላ ጋር ተቀላቅለው መዝገባቸው ከዓይን ይጠፋል። የቀሩትን ብቻ ስናይ ሁሉም ጎበዝ ይመስላል።

ክፍያው ግን አይዋዥቅም። ገበያው ወጣም ወረደ ይቆረጣል። በወረቀት ሠርቼ አየሁት። 20,000 ዶላር ለ20 ዓመት ይቀመጥ፤ ገበያው በዓመት 7 በመቶ ያስገኝ እንበል። በአጎቴ ፈንድ፣ የመግቢያውና የዓመቱ ክፍያ ተቆርጦ ወደ 56,600 ዶላር ይሆናል። ያለ መግቢያ ክፍያ፣ በዓመት 0.1 በመቶ በሚያስከፍል ፈንድ ደግሞ ወደ 76,000 ይደርሳል። ልዩነቱ መጀመሪያ ከሰጠው ከራሱ ገንዘብ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። ካልኩሌተሩን ሁለቴ አጥፍቼ እንደገና ሠራሁት፤ ያው ነው።

ተጨማሪ መግለጫውንም አገኘሁት። 94 ገጽ ነው። ማናጀሩ አራት ፈንድ ይመራል። በአንደኛው ከ100,000 ዶላር በላይ አለው። በአጎቴ ፈንድ ሥር የተጻፈው «ምንም» ነው።

የሳቢያን ልጅ፣ አሌክሳንድሪያ

አየሽ! በአንዱ ማስቀመጡና በሌላው አለማስቀመጡ ራሱ ይናገራል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የፈንዱን 10 ትልልቅ ይዞታዎች (ብዙ ገንዘብ ያስቀመጠባቸውን ኩባንያዎች) አውጪና ከኤስ ኤንድ ፒ 500 ጋር አስተያይ፤ እሱ ኢንዴክስ ነው፣ የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን ዝርዝር። ስምንት ዘጠኙ አንድ ከሆኑ ጋሼ የሚከፍለው ለመራጭ ነው፤ የሚያገኘው ግን ኢንዴክስ ነው። ኢንዴክሱን ብቻ የሚከተል ፈንድ ደግሞ በጣም ርካሽ ነው። ቫንጋርድ የተባለውን የፈንድ ኩባንያ በ1975 ያቋቋመው ጆን ቦግል በማግስቱ ዓመት ለተራው ሰው ያቀረበው ይሄንን ነው። ቫንጋርድ የውጭ ባለቤት የለውም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ፈንዶቹ ናቸው። ስለዚህ ክፍያ ቢቀነስ የሚከፋው ሌላ ባለአክሲዮን የለም።

ሁለተኛ፣ «ሕጉ ይጠብቀዋል» ብላችሁ አትቀመጡ። የአሜሪካ የ1940ው የፈንድ ሕግ እያንዳንዱ ፈንድ ቦርድ እንዲኖረው ያዛል። በ1970 ደግሞ አስተዳዳሪው በክፍያ ጉዳይ ለባለገንዘቡ ታማኝ የመሆን ግዴታ ተጨመረበት። ወረቀቱ ላይ ያምራል። በ2010 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ጆንስና ሌሎች ባለገንዘቦች ሃሪስ የተባለውን የፈንድ አስተዳዳሪ በከሰሱበት ክርክር ላይ፣ የቆየውን መለኪያ አጸናው። ከሳሽ የሚረታው ክፍያው ከተሰጠው አገልግሎት ጋር ጨርሶ የማይመጣጠን ከሆነ ብቻ ነው። «ውድ ነው» ማለት አይበቃም።

በ2003 የሆነውንም አስታውሱ። የፈንድ ዋጋ የሚወጣው በቀን አንዴ ነው፣ ገበያው ከሰዓት በኋላ በእነሱ 4 ሰዓት ሲዘጋ። የኒው ዮርኩ ዋና ዐቃቤ ሕግ ኤሊየት ስፒትዘር ጉዳዩን ሲከፍተው፣ አንድ ትልቅ ባለገንዘብ ገበያው ከተዘጋ በኋላ በዚያው ቀን ዋጋ ይገዛ እንደነበር ታወቀ። ማታ የወጣውን ዜና ሰምቶ በቀኑ ዋጋ መግዛት ማለት ነው። አንዳንድ የፈንድ ኩባንያዎች ደግሞ ቶሎ ቶሎ ገብቶ እንዲወጣ በሩን ከፍተውለት ነበር፣ በምትኩ ሌላ ገንዘብ እነሱ ዘንድ እንዲያስቀምጥ። የእሱ ትርፍ የወጣው እንደ ጋሼ ዝም ብለው ከሚያጠራቅሙት ሰዎች ላይ ነው። የዛሬው ማናጀር እንዲህ ያደርጋል እያልኩ አይደለም። ግን ያኔም እነዚያ ፈንዶች ቦርድ ነበራቸው።

ከሐረር

የሐኪሙን ነገር ተውኩት። ሐኪም መድኃኒቱን በሸጠ ቁጥር በመቶኛ ቢታሰብለት እኔም እጠይቀው ነበር።

ገንደ ቆሬ

ይሄ ነገር ወደ እኛም እየመጣ ነው፤ ስለዚህ አንብቡት። የካፒታል ገበያ አዋጁ፣ ቁጥር 1248/2013፣ የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድንም ይሸፍናል። የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያውም በእኛ አቆጣጠር ጥር 2017 ተከፍቷል። የቴሌን አክሲዮን በ300 ብር ሂሳብ በስልካችን የገዛን ሰዎች ነገ «ፈንድ ግዙ» እንባላለን። ያኔ መጀመሪያ የምንጠይቀው «አንተስ ስንት አስቀመጥክ?» ብለን ይሁን።

የከዚራዋ ሂሳብ ሠራተኛ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። አጎቴ ፈንዱን ቢቀይር ግብር ይመጣበታል? መውጫ ክፍያስ?

የሳቢያን ልጅ፣ አሌክሳንድሪያ

ሂሳቡ አይአርኤ (የአሜሪካ የግል ጡረታ ሂሳብ) ከሆነ፣ ገንዘቡ ከተቋም ወደ ተቋም በቀጥታ ሲዛወር ግብር የለውም። ቼኩን ግን በስሙ አጽፎ እጁ ላይ እንዳይቀበል። ያኔ በ60 ቀን ውስጥ ካልመለሰው እንደወጣ ገንዘብ ይቆጠርና ግብር ይመጣል። የመግቢያ ክፍያ በፊት ለፊት ከተቆረጠ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መውጫ ላይ አይጠየቅም። ቢሆንም በስልክ «መውጫ ክፍያ አለ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። የመለሰላችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን ጻፉ።

የከዚራዋ ሂሳብ ሠራተኛ

አይአርኤ ነው፤ ፖስታው ላይ አየሁት። ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ላይ እንደውላለን፤ እዚያ ቀን ነው። እንግሊዝኛውን እሱ ይናገራል፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ እጽፋለሁ። ጥያቄዎቹን በትልልቁ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። መጀመሪያ የሚጠይቀውን ራሱ ነው የመረጠው፦ «ማናጀሩ ለምንድነው የራሱን ገንዘብ እዚህ ያላስቀመጠው?»