ጌም ስከፍት ኮምፒውተሬ ድርግም ይላል

ጠያቂ፦ ሰላም የባሕር ዳር ልጆች! ዴስክቶፔ ፊልምም ወርድም ያለችግር ይሠራል። ጌም ስከፍት ግን ትንሽ ቆይቶ ድርግም! ሰማያዊው የዊንዶውስ ስህተት ስክሪን እንኳ የለም። ቤቴ ጣና ዳር ነው፤ የሚያዝያ ሙቀት ይሆን?

መልስ፦ ለካው እንጂ አትገምት ወንድሜ። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ጭነህ ጌሙ እየሄደ እይ። ሲፒዩው (ዋናው ፕሮሰሰር) 95 ዲግሪ ካለፈ አቧራውን አጽዳ፣ በላዩ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ቀይር። ሳይሞቅ ከጠፋ ፓወር ሳፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል) ጠርጥር።

ሌላ መልስ፦ ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ላይ "ከርነል ፓወር 41" ካየህ ደንግጠህ ዊንዶውስ እንዳትቀይር። በአግባቡ ሳይዘጋ ጠፋ ማለት ብቻ ነው።

ጠያቂ፦ ሲፒዩው 74 ዲግሪ ላይ እያለ ጠፋ። ፓወር ሳፕላዩ 300 ዋት ይላል። የግራፊክስ ካርዴ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር።

መልስ፦ በቃ፣ ዋናው ተጠርጣሪ ተገኘ! ሠሪው ኤንቪዲያ ለካርዱ 450 ዋት ነው የሚመክረው። ከመግዛትህ በፊት ተውሰህ ሞክር። ጊዮርጊስ አካባቢ ከሆንክ የኔን ና ውሰድ፤ እሑድ ግን መልስልኝ፣ እኔም እጫወታለሁ።