የቻናልሮዶፕሲን 2 ሞዴሌ ሁለተኛው ፐልስ ላይ ለምን አይሰራም?

ኒውሮን_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ የማስተርስ ስራዬ ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚከፈቱ የአዮን ቻናሎች ላይ ነው፣ ከነሱ አንዱን፣ ቻናልሮዶፕሲን 2ን፣ ፓይተን ላይ ሞዴል እያደረግኩ ነው። የያዝኩት ባለ ሶስት ስቴቱን ነው፣ ዝግ አለ፣ ክፍት አለ፣ ደንዝዞ የሚቆይ አለ፣ ከደነዘዘው ተመልሶ ወደ ዝግ ይሄዳል። ዳታው የፓች ክላምፕ ነው (የሴሉን ቮልቴጅ ይዞ በቻናሎቹ የሚያልፈውን ከረንት መለካት)፣ ሴሉ -70 ሚሊቮልት ላይ ተይዞ የ470 ናኖሜትር ሰማያዊ መብራት ለ500 ሚሊሰከንድ ይበራበታል፣ ከረንቱ ወዲያው ፒክ ያደርግና ወርዶ ፕላቶ ላይ ይቀመጣል። አንድ ፐልስ ላይ ፊቲንጉ በጣም ቆንጆ ነው። ግን 1 ሰከንድ ጨለማ አድርገን ሁለተኛ ፐልስ ስንሰጥ ሞዴሉ ፒኩን ሙሉ በሙሉ ይመልሰዋል፣ ሴሉ ላይ ግን ሁለተኛው ፒክ በግልፅ ያንሳል። የመመለሻውን ሬት ስቀንሰው ደግሞ ፕላቶው ይጠፋብኛል። ችግሩ ኦፕቲማይዘሩ (ሬቶቹን ከዳታው ጋር የሚያስማማው ኮድ) ነው ወይስ ሞዴሉ? ቀጥሎ በተከታታይ ፐልስ ስፓይክ የሚያደርግ (የኤሌክትሪክ ምልክት የሚተኩስ) ኒውሮን ውስጥ ላስገባው ስለሆነ ይሄ ካልተስተካከለ የሚቀጥለው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ጨለማና_ብርሃን፦
ሞዴሉ ነው ወንድሜ፣ ኦፕቲማይዘሩን ተወው። በወረቀት አስላው እስቲ። መብራቱ ሲጠፋ ከረንቱ በ10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ከክፍት ወደ ደነዘዘ የሚሄደው ሬት በሚሊሰከንድ 0.1 ገደማ ነው። ፒኩ በጨለማ ለመመለስ ሰከንዶች ይፈጅበታል፣ 5 ሰከንድ እንበል፣ ያ ማለት በሚሊሰከንድ 0.0002 ነው። ፕላቶ ላይ ወደ ደነዘዘው የሚገባውና ከዛ የሚወጣው እኩል መሆን አለበት፣ ስለዚህ ለአንድ ክፍት ቻናል 500 የደነዘዘ ይኖራል ማለት ነው፣ ፕላቶ የሚባል ነገር አይታይም! እውነተኛው ሴል ላይ ግን ፕላቶው የፒኩን ጥሩ ድርሻ ይይዛል። ሁለቱን ባንድ ሬት ማስታረቅ አይቻልም። ኦፕቲማይዘሩ የተሰጠው አንድ ፐልስ ብቻ ስለሆነ ፕላቶውን ለማዳን ብሎ መመለሻውን በጣም አፈጠነው፣ ጨለማ ውስጥ የሚሆነውን እኮ ከዛ ዳታ ሊያውቅ አይችልም።

ፎቶሳይክል፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ መፍትሄው ባለ አራት ስቴት ነው፣ በ2009 እነ ኒኮሊችና ግሮስማን የሰሩበት አይነት። ዝግ 1፣ ክፍት 1፣ ክፍት 2፣ ዝግ 2። ክፍት 1 ብዙ ያስተላልፋል፣ ክፍት 2 ትንሽ። ዋናው ነገር ዝግ 2 ራሱ ብርሃን ሲያገኝ ወደ ክፍት 2 ይመለሳል፣ ስለዚህ መብራቱ እስከበራ ድረስ ቻናሉ በነዚህ በሁለቱ መሀል እየተመላለሰ ፕላቶውን ይይዘዋል፣ ወደ ዝግ 1 መመለስ ሳያስፈልገው። ከዝግ 2 ወደ ዝግ 1 ያለው መንገድ ደግሞ በጨለማ በሰከንዶች የሚሄድ ነው፣ ሁለተኛው ፒክ የሚያንሰው በዛ ነው። ሌላው ማረጋገጫ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ያለውን አወራረድ በሎግ ስኬል ፕሎት አድርገህ እየው፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ካልሆነና ሁለት ኤክስፖነንሻል ከፈለገ አንድ ክፍት ስቴት ያለው ሞዴል መቼም አይገልፀውም።

ሁሉንም ፓራሜትር ባንዴ አትልቀቀው፣ እርስ በርስ ይካካሱና ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሰጡሃል። መጀመሪያ የጨለማውን ጨርስ፣ የመዝጊያ ሬቶቹን ከአወራረዱ፣ መመለሻውን ደግሞ በመሀል ያለውን ጨለማ ከ100 ሚሊሰከንድ እስከ 20 ሰከንድ እያራዘምክ ከምታገኘው ከሁለተኛው ፒክ። እነሱን አስረህ ከዛ የብርሃን ሬቶቹን በተለያየ የመብራት ጥንካሬ ከተቀዳ ዳታ አውጣ። ከአንዱ የፐልስ ጥንድ ወደ ሌላው ጥንድ ስትሄድ ደግሞ ሴሉን ጨለማ ውስጥ በደንብ አሳርፈው፣ ያላረፈ ሴል ላይ የመጀመሪያው ፒክ ራሱ የተቀነሰ ነው።

ኒውሮን_ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሎግ ስኬሉን አየሁት፣ ሁለት ኤክስፖነንሻል ነው በግልፅ። የመብራቱ መጠን ያለኝ በሚሊዋት በስኩዌር ሚሊሜትር ነው፣ ወደ ሬት እንዴት ነው የምቀይረው?

ጨለማና_ብርሃን፦
በ470 ናኖሜትር የአንድ ፎቶን ኢነርጂ 4.23 ሲባዛ 10 ቱ ዘ ፓወር -19 ጁል ነው፣ ስለዚህ 1 ሚሊዋት በስኩዌር ሚሊሜትር ማለት በሰከንድ 2.4 ሲባዛ 10 ቱ ዘ ፓወር 15 ፎቶን በስኩዌር ሚሊሜትር ነው። ያንን በቻናሉ መምጠጫ ስፋትና በኳንተም ብቃቱ (ከመጠጠው ፎቶን ስንት እጁ ቻናሉን እንደሚከፍት) አባዛው። የሚወጣው በሰከንድ ነው፣ የኒውሮን ሲሙሌተሮች ብዙ ጊዜ በሚሊሰከንድ ስለሚሰሩ ለ1000 አካፍለህ አስገባ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ -70 ላይ ያገኘኸውን ቀጥታ ስፓይክ የሚያደርግ ሴል ላይ አትጫነው። ከረንቱ 0 ሚሊቮልት አካባቢ ዜሮ ይሆናል፣ ከዛ በላይ ወደ ውጪ የሚፈሰው ደካማ ነው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም፣ አዘጋጉም በቮልቴጅ ይቀያየራል። ቢያንስ አራት አምስት ቮልቴጅ ላይ ቅዳ። ፈጣን ስፓይክ ከሆነ የምትፈልገው ደግሞ ቼታን እየው፣ የኢ123ቲ ሚውታንት ነው፣ ከዋናው ቶሎ ይዘጋል፣ በ2010 በወጣው ስራ ፈጣን ኢንተርኒውሮኖችን እስከ 200 ኸርዝ ነድተውበታል። አራቱ ስቴቶች እንዳሉ ይቆያሉ፣ ሬቶቹን ግን ከራሱ ዳታ እንደገና ማውጣት አለብህ።