አንድ ግስ ሦስት ቁልፍ በላብኝ

ሰላም ወላጆች። ልጄ 6 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት፣ በአፉ አይናገርም። የሚያወራው ታብሌት ላይ ሥዕል እየነካ ነው። ድምፁን በአማርኛ የቀዳሁለት እኔ ነኝ (ለዚህ ነው እንደ እናቱ የሚቆጣው)።

አሁን መላው ጠፋኝ። በእንግሊዝኛ «አይ» (እኔ)፣ «ዋንት» (መፈለግ)፣ «ዋተር» (ውሃ) ለየብቻ ቁልፍ አላቸው፤ እየገጣጠመ ያወራል። በአማርኛ ግን «እፈልጋለሁ»፣ «ትፈልጊያለሽ»፣ «አልፈልግም» እያንዳንዱ የራሱን ቁልፍ ይጠይቃል።

ትናንት ሳህኑን ገፋ አድርጎ «እፈልጋለሁ»ን ነካና ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «አልፈልግም» የሚል ቁልፍ ገና አልሠራሁለትም ነበር። አያቱ ደስ ብሏቸው ሌላ ጉርሻ አጎረሱት። አለቀሰ።

በአማርኛ እንዲህ ያለ የሥዕል ሰሌዳ የሠራችሁ፣ ከየትኞቹ ቃላት ጀመራችሁ? ግሱን እንዴት አደረጋችሁት?

ደግሞ እማማ «ታብሌቱ አፉን ያሰንፈዋል» ይላሉ። የንግግር ባለሙያዋ ንግግሩን እንደማያግደው ነግራኛለች። እሳቸውን ግን በምን ላሳምናቸው?