የምርምሩ ገንዘብ ለማሽን አስጠኚ ወይስ ለመምህር?

የሒሳብ መምህር፣ ደሴ፦
ዩኒቨርሲቲዎቻችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እያንዳንዱን ተማሪ እንደ አቅሙ የሚያስተምር ፕሮግራም ለመሥራት በምርምር ይግቡበት የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። እኔ እቃወማለሁ። በአንድ ክፍል 68 ተማሪ አስተምራለሁ፤ ደብተር ሰብስቤ ሳርም እኩለ ሌሊት ያልፋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁስል የሚያሽረው መምህር መቅጠርና መጽሐፍ ማዳረስ ነው። ገንዘቡ በማሽን ካለቀ በኋላ «አልተሳካም» ቢባል የእነዚህን ልጆች ዓመታት ማን ይመልሳል?

የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ፣ አዲስ አበባ፦
መምህር፣ ምርምሩን ያስነሣው እኮ እርስዎ የገለጹት ክፍል ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለብቻው አስጠኚ የተመደበለት መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከተማሩት 98 በመቶ ያህሉን እንደሚበልጥ አሳየ። ለእያንዳንዱ ልጅ አስጠኚ የሚቀጥር አገር ግን የለም። በፒትስበርግ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እነ ጆን አንደርሰን ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያግዝ የአልጀብራ አስጠኚ ፕሮግራም ሠርተዋል። ፕሮግራሙ ተማሪው የሚሠራውን እርምጃ በእርምጃ እየተከታተለ የትኛው ክህሎት እንደገባው፣ የትኛው እንደቀረው ይገምታል።

እውነቱን ለመናገር የብሉም ቁጥር የተጋነነ ነበር። ተመራማሪው ከርት ቫንሌን እ.ኤ.አ. በ2011 በርካታ ጥናቶችን ሲመዝን የሰው አስጠኚ የሚያስገኘው ለውጥ ከተባለው በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘው። ይሁን እንጂ ጥሩ ተደርገው የተሠሩት ፕሮግራሞች ከሰው አስጠኚ እምብዛም አልራቁም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦
እኔ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም በየቀኑ እጠቀማለሁ። ጥያቄውን በስልኬ ፎቶ አነሣለሁ፤ መልሱ ከነአሠራሩ ይመጣል። ሳነበው ሁሉም ግልጽ ነው። ባለፈው ፈተና ላይ ግን ያንኑ ዓይነት ጥያቄ አይቼ የመጀመሪያውን መስመር እንኳ መጻፍ አቃተኝ።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ፣ አዲስ አበባ፦
እህቴ፣ ያጋጠመሽ ነገር በጥናት ታይቷል። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱርክ ውስጥ 1,000 በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በሒሳብ ሞከሩት። መልሱን እንዳለ የሚሰጠውን ፕሮግራም የያዙት በልምምድ ሰዓት 48 በመቶ የተሻለ ሠሩ፤ ፕሮግራሙ ተነሥቶ ሲፈተኑ ግን ጭራሽ ካልነኩት ተማሪዎች በ17 በመቶ አነሱ። ሌላው ቡድን የተሰጠው መልስ የማይናገር፣ መምህራን ባዘጋጁት ፍንጭ ብቻ የሚመራ ነበር። በዚህ ቡድን ጉዳቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ።

የሒሳብ መምህር፣ ደሴ፦
ይህን አላውቅም ነበር። እንግዲያው ልጆቹን ከጉዳት ያዳነው መምህራኑ ያስገቡት እውቀት ነው ማለት ነው! ክርክሩ እዚህ ላይ ይሁን።

የእኔ ተማሪዎች ስሕተት እንዲህ ነው። ከቅንፍ ፊት ያለችውን የመቀነስ ምልክት ለመጀመሪያው ቁጥር ያደርሷታል፣ ሁለተኛው ላይ ይረሷታል። ይህ የየትም አገር ልጅ ስሕተት ነው። ሌላው ግን የእኛው ነው። «ከስድስት በሦስት የሚያንስ ቁጥር» የሚለው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሦስት ይቀድማል። ታች ክፍሎችን በአማርኛ ተምረው የመጡት ልጆች በተጻፈው ቅደም ተከተል ሄደው ከሦስት ላይ ስድስት ይቀንሳሉ። ጥያቄውን በአማርኛ ስደግመው አንዳቸውም አይሳሳቱም። ማሽኑ ይህን «መቀነስ አልገባውም» ብሎ ቢመዘግብና 20 የመቀነስ ጥያቄ ቢደረድርለት ልጁን በማያመው በሽታ ማከም ነው። ልጁ የጎደለው ቋንቋ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤን በከፊል እቀይራለሁ። ታብሌት መግዣ ይሁን ከተባለ አሁንም እቃወማለሁ። የልጆቻችንን ስሕተት ከደብተራቸው እየለቀመ የሚያጠና ምርምር ከሆነ ግን የሦስት ዓመት የፈተና ወረቀት ቤቴ ተከምሯል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ፦
መምህር፣ ወረቀቱን ከመስጠትዎ በፊት አንድ ነገር ልበል። እዚህ አሜሪካ ኢንብሉም የሚባል፣ የተማሪዎችን መረጃ አንድ ቋት ውስጥ የሚያከማች ድርጅት ነበር። ወላጆች «የልጆቻችን መረጃ በማን እጅ ነው?» ብለው ተነሡበትና እ.ኤ.አ. በ2014 ተዘጋ። ልጅ በ14 ዓመቱ የሠራው ስሕተት ከነስሙ ተመዝግቦ ሊከተለው አይገባም።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ፣ አዲስ አበባ፦
ትክክል ነዎት። ስሙ ካልጠፋ ወረቀቱን አንቀበልም።

የሒሳብ መምህር፣ ደሴ፦
ስሙን እኔው ቆርጬ አወጣለሁ፤ ወላጆችንም አስቀድሜ እጠይቃለሁ። እናንተ ደግሞ ወረቀት ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። ኑና ከክፍሌ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ማክሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ቅንፍ ነው የማስተምረው።