ክርክር፦ የሐምሌ ዝናብ ለአማካዩ ቅርብ ነው ከተባለ የጎንደር ክረምት ደህና ነው?

አራዳ፦ ወገኖች፣ ይህን ነገር ዛሬ በደንብ እንከራከርበት። በየክረምቱ የወሩ ዝናብ ከረጅም ዘመን አማካይ ጋር ይነጻጸርና «መደበኛ ነው» ተብሎ ይነገረናል። ይህን የሰማ ኃላፊ ስጋት የለም ብሎ ይቀመጣል፤ ገበሬው ደግሞ ዘሬ መሬት ላይ ቀረ ይላል። እኔ የወሩ ድምር ብቻውን የውሳኔ መነሻ መሆን የለበትም ባይ ነኝ። በሀገራችን የሜትዎሮሎጂ አሠራር አንድ ወር ከአማካዩ ከ75 እስከ 125 በመቶ ከዘነበ መደበኛ ይባላል። ጎንደር በጁላይም በኦገስትም በአማካይ 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። እንግዲህ 225 ቢዘንብም መደበኛ፣ 375 ቢዘንብም መደበኛ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 150 ሊትር ውሃ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ስም ጠርቶ ዝም ማለት ልክ አይመስለኝም።

የማራኪው መምህር፦ አራዳ፣ ስሌትህ ትክክል ነው፤ መደምደሚያህን ግን አልቀበልም። የኛ ክረምት በተፈጥሮው ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል። የመደበኛውን ወሰን አጥብበነው ከአማካዩ ትንሽ ዝቅ ባለ ቁጥር «ድርቅ» ብንል በየዓመቱ ስንጮህ ልንኖር ነው፤ እውነተኛው ሲመጣ ማን ይሰማናል? አማካዩ የሚወሰደው ከ30 ዓመት መዝገብ የሆነውም አንድ ክፉ ወይም አንድ ደግ ዓመት ሚዛኑን እንዳያዛባው ነው። የሰው ትዝታ እንዲህ አይደለም። የ1977ን ረሃብ ያየ ትልቅ ሰው ክረምት ሁሉ ጥጋብ ይመስለዋል፤ ልጅነቱ በደግ ዘመን ያለፈ ደግሞ የዛሬው ሁሉ ያንስበታል። መዝገቡ ለማንም አያዳላም።

የደንቢያ ልጅ፦ መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። ትዝታን ተዉትና መሬቱን እንይ። የኛ መሬት ዋልካ ነው። ሐምሌ ላይ ጤፍ የምንዘራው ተደጋግሞ ታርሶ፣ ውሃ ጠጥቶ ጭቃ በሆነ መሬት ላይ ነው። ዘሩ እንደሚያውቁት ደቃቅ ነው፣ በላይ በላዩ ይበተናል እንጂ ጠልቆ አይቀበርም። ከተዘራ በኋላ ሰማዩ ሳምንት ቢዘጋ መጀመሪያ የሚደርቀው ያ ዘሩ ያለበት ስስ የላይኛው አፈር ነው። ይጠነክርና ይሰነጠቃል፤ ገና ነጭ ክር የመሰለው ሥር ስንጥቁ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚያ በወሩ መጨረሻ ለአራት ቀን ዶፉን ቢያወርደው የወሩ ድምር ይሞላል፣ ወረቀቱ ላይም መደበኛ ይሆናል። ጤፉ ግን የለም። የመጨረሻው ዶፍ ጭራሽ የተረፈችውን ጠርጎ ይወስዳታል። ድምሩ ለጤፉ ምን አደረገለት?

ወገራ፦ እግዜር ይስጥህ! እኛ ጋ ደግሞ ገብሱን የሚጨርሰው በረዶ ነው። እሱም ቀልጦ ሲለካ ከዝናቡ ጋር ነው የሚደመረው።

የማራኪው መምህር፦ የደንቢያ ልጅ፣ ስለ ጤፉ ያልከው እውነት ነው፤ አልከራከርህም። ግን ጥፋቱ የአማካዩ ነው ወይስ የኛ የአነባበብ? ሜትዎሮሎጂ የወሩን ብቻ አይደለም የሚያወጣው፣ የየአሥር ቀኑም አለ። አንድ አሥር ቀን ከራሱ የረጅም ዘመን አማካይ ጋር ሲነጻጸር ያልከው ክፍተት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ አማካይ ይቅር ሳይሆን ጠበብ ብሎ ይነጻጸር እንበል።

አዘዞ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። መዝገቡም አማካዩም የሚሠራው በፈረንጅ ወር ነው። ጁላይ ማለት በኛ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ነው። የኛ ሐምሌ ደግሞ በነሱ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ይሄዳል። ገበሬው «ሐምሌ አልዘነበም» ሲል መረጃው ስለ ጁላይ ይመልስለታል። ክረምቱ ዘግይቶ በገባበት ዓመት ይቺ የአንድ ሳምንት መንሸራተት ቀላል አይደለችም፤ ሁለቱም እውነት ተናግረው አይግባቡም። በአማርኛ የሚሰጠው መረጃ በኛ ወር ተሰልቶ ቢቀርብ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል።

አራዳ፦ ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው። ሌላው ደግሞ የቦታ ጉዳይ ነው። «የጎንደር ዝናብ» ስንል የአየር ማረፊያው መለኪያ የያዘው ነው፣ ያውም አዘዞ፣ አንተ ሰፈር ያለው። መለኪያው አንድ ጣሳ ነው፤ አፉ ከእንጀራ ምጣድ እጅግ ያነሰ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የያዘው ውሃ በብርጭቆ መስፈሪያ ይለካና ይመዘገባል። ደባርቅ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ መተማ 800 ሜትር እንኳ አይሞላም። የመተማ ሰሊጥና የደባርቅ ገብስ በአዘዞ ጣሳ ሊዳኙ አይገባም። ከተማው ውስጥ እንኳ ፋሲል ግቢ ላይ ወርዶ አዘዞ ፀሐይ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው።

የማራኪው መምህር፦ ለዚህ ነው የሳተላይት ግምት ከጣቢያዎች ልኬት ጋር የሚዋሃደው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለ የሳተላይት መዝገብ አለ፤ ጣቢያ የሌለበትን ወረዳም ይሸፍናል። በርግጥ እንደኛ ባለ ተራራማ አገር ግምቱ የራሱ ስህተት አለው። ጣቢያም ሳተላይትም ያስፈልጋል።

ቀሃ፦ አያቴ «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ይላሉ። አሁን ከቡሄ በኋላም ይዘንባል። አየሩ መቀየሩን ለማወቅ ምን ሠላሳ ዓመት ያስፈልጋል?

የማራኪው መምህር፦ ቀሃ፣ አያትህ ይኑሩልህ። ግን ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ክረምቱ ድሮም እስከ መስከረም ይሄዳል። ተረቱ ጭለማው መግፈፍ መጀመሩን ነው የሚነግረን። ዝናቡን በተመለከተ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የክረምቱ ድምር በግልጽ እየቀነሰ ነው ወይም እየጨመረ ነው የሚያሰኝ ወጥ አዝማሚያ የለም። ሙቀቱ ግን ሌላ ነው፤ በተለይ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት እየጨመረ መጥቷል።

አራዳ፦ መምህር፣ ሙቀቱን ካነሡ አይቀር፣ የማነጻጸሪያው ዘመንም ራሱ እየተቀየረ ነው። ድሮ እ.ኤ.አ. ከ1961–1990 ያለው ነበር፣ አሁን 1991–2020 ሆኗል፤ በየአሥር ዓመቱ ይታደሳል። አሮጌው ሠላሳ ዓመት ቀዝቃዛ ነበር። ዛሬ ከአዲሱ ጋር ስናነጻጽር የሞቀውን ከሞቀ ጋር እያስተያየን ነው፤ ወሩ ከልኩ ያላለፈ ይመስለናል። ለገበሬው አዲሱ ይሁን፣ የሚያርሰው በዛሬው አየር ነውና። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስንነጋገር ግን አሮጌው ጎኑ ይቀመጥልን።

የማራኪው መምህር፦ በዚህ እስማማለሁ። የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅትም ለለውጥ ጥናት የ1961–1990ውን እንዳይጣል ያለው ለዚሁ ነው።

የደንቢያ ልጅ፦ አሁንም ወደ መሬቱ ልመልሳችሁ። የሚያስፈራኝ «መደበኛ» የሚለው ወሬ ዕርዳታና ዘር የሚያስከለክል መሆኑ ነው። በ2007 ክረምት ኤልኒኖ ዝናቡን ሲያዛባ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። በክልላችን ክፉኛ የተመታው ምሥራቁ ነው፣ ዋግ ኽምራና ሰሜን ወሎ። የክልሉ አማካይ ቢሰላ ግን የምዕራቡ ዝናብ የምሥራቁን ጉድለት ይሸፍነው ነበር። በ2012 ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፤ ደንቢያና ፎገራ ጣና ዳር ያለው ማሳ በጎርፍ ተዋጠ። ጎርፉን ያመጣው ከላይ ካለው ተራራ የወረደው ውሃ ነው፣ በኛ ማሳ ላይ የዘነበው ብቻ አይደለም። ስለዚህ የደንቢያን ልኬት ብቻ ያየ ሰው የደንቢያን ጎርፍ አያውቀውም።

ወገራ፦ ታዲያ ምን ይደረግ? ይሄ ሁሉ ተብሎ ምን ልንጠይቅ ነው?

የደንቢያ ልጅ፦ እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ለወረዳችን የወሩ ድምር ሲነገር ስንት ቀን እንደዘነበ፣ ረጅሙ የደረቅ ጊዜ ስንት ቀን እንደነበር፣ በአንድ ቀን ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የወረደው ስንት ጊዜ እንደሆነ አብሮ ይነገር። ሁሉም እዚያው መዝገብ ላይ አለ፣ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። በኛ ወር፣ በሬዲዮ፣ በአማርኛ።

የማራኪው መምህር፦ እፈርማለሁ። አንድ ነገር ግን ጨምርበት፤ የአማካዩ ቁጥር ከዝርዝሩ እንዳይቀር። የደረቀው ቀን ብዙ ነው ወይስ ትንሽ ለማለትም ልማዱን ማወቅ ይፈልጋል።

የደንቢያ ልጅ፦ ይግባ። ግን መጨረሻ ላይ ይሁን፤ መጀመሪያ የደረቁት ቀኖች ይነበቡ።

የማራኪው መምህር፦ በቅደም ተከተሉ እንኳ አንስማማም። ቁጥር ያለ ማነጻጸሪያ ሲነበብ ሰው ያስደነግጣል።

አራዳ፦ እሱን ነገ እንቀጥላለን። የቀራችሁ ድምፃችሁን አሰሙ፣ በተለይ ከጭልጋና ከመተማ ያላችሁ።