ብሪስኮላን በባለ 52 ካርታ ለመጫወት ስለ ገጠመን ችግር

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)
የተከበራችሁ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ጣልያን አገር ብዙ ዓመት ኖረው የተመለሱት አጎቴ ብሪስኮላ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ አስተምረውን ነበር፤ አሁን እርሳቸው አዲስ አበባ ስለ ሰነበቱ፣ ማታ ብርዱን ሸሽተን መደቡ ላይ ባና አንጥፈን ስንቀመጥ በሕጉ መስማማት አቅቶናል። ያለን ከሱቅ የተገዛ ባለ 52 ካርታ ሲሆን፣ ለሦስት ሰው እኩል አይዳረስም። ታናሽ እህቴም «ሦስት ቁጥር ንጉሥን እንዴት ይበላል?» እያለች ትሟገታለች። የወረደው ዓይነት (ልብ፣ ዳይመንድና የመሳሰለው) በእጅ እያለ ሌላ መጣልስ ይፈቀዳል?

መልስ (ከደብረ ሲና)
ወንድሜ፣ መጀመሪያ 8፣ 9 እና 10 ቁጥሮችን በሙሉ ያውጡ፤ 40 ካርታ ይቀራል። ሦስት ስትሆኑ ነጥብ የሌለውን አንድ 2 ቁጥር ጨምረው ሲያነሡ 39 ይሆንና እኩል ይዳረሳል። ሦስት ቁጥር በእርግጥ ንጉሥን ይበላል፤ አስ 11፣ ሦስት 10፣ ንጉሥ 4፣ ንግሥት 3፣ ጃክ 2 ነጥብ ሲይዙ ሌሎቹ ባዶ ናቸው። ጠቅላላው 120 ስለሆነ፣ ሁለት ሰዎች ሲጫወቱ 61 የደረሰ ያሸንፋል፤ 60 ለ60 ከሆነ እኩል ነው።

መልስ (ከአንኮበር)
ሦስተኛው ጥያቄዎ ዋናው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በብዙ ጨዋታዎች የወረደውን ዓይነት መከተል ግዴታ ሲሆን በብሪስኮላ ግን የፈለጉትን መጣል ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ካርታ ከታደለ በኋላ አንድ ካርታ ተገልብጦ ግማሹ እንዲታይ ከቀሪው ጥቅል ሥር በአግድም ይገባል፤ የእርሱ ዓይነት ገዢ ይሆናል። የገዢው 2 ቁጥር እንኳ የሌላውን አስ ይበላል። የበላው ሰው ከጥቅሉ አስቀድሞ ይስባል፣ ቀጥሎም እርሱ ይጀምራል፤ የተገለበጠው ካርታ መጨረሻ ላይ ይሳባል።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)
የእህትዎ ግራ መጋባት የሚገባ ነው፤ በናፖሊ ካርታ ላይ ልብና ዳይመንድ ሳይሆን ጽዋ፣ የወርቅ ሳንቲም፣ ሰይፍና ዱላ ይሣላሉ፣ በንግሥቷም ቦታ ፈረሰኛ አለ። የጣልያኗ ከተማ የትሪዬስተ ሰዎች የራሳቸው ሥዕል ያለው ካርታ አላቸው፤ በዳልማጥያ ጠረፍ የሚኖሩ ክሮኤሽያውያንም ብሪሽኩላ ብለው ይጫወቱታል፣ እስፓኞችም ብሪስካ የሚሉት የቅርብ ዘመዱ አላቸው። አራት ከሆናችሁ ትይዩ የተቀመጡት ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመሩ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው፤ በብዙ ቦታ ጓደኛሞች በዓይንና በከንፈር ምልክት መጠቋቆማቸው የጨዋታው ወግ ነው።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያወጣናቸውን 12 ካርታዎች በክር አስረን ለይተናል፤ የዛሬ ማታው ገዢ ልብ ወጥቶልናል።